የፍቅር ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ሲኒማ ሲሻገር

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር ነው። ላልሰሙት እንዲደርስ፣ የሰሙትም መልሰው እንዲመለከቱት እንደ ተነገረው ታትሟል።)



አንድ ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ፣ ወይም በቤቱ ተቀምጦ ፊልም ተመልክቶ ሲጨርስ፣ «መጽሐፉ ይበልጣል» የሚል ድምፅ ከአጠገቡ መስማቱ የተለመደ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ፣ «ፊልሙን ካየሁ በኋላ መጽሐፉን ማንበብ ምን ያደርግልኛል? ታሪኩን ዐውቄዋለሁ» ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ስሕተት የተስማሙ ናቸው። ሁለቱም መጽሐፍንና ፊልምን አንድ ዓይነት ጭነት እንደሚያመላልሱ ሁለት አጋሰሶች ይቈጥሯቸዋል። የመጀመሪያው ሰው፣ አንደኛው አጋሰስ ጭነቱን በመንገድ ጣለ ብሎ ይከሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጭነቱ ከደረሰልኝ ሌላውን አልፈልግም ይላል። ጭነቱ ራሱ ምን እንደ ነበረ ግን ሁለቱም አይጠይቁም። በዚህ ንግግር ልንመረምረው የሚገባን ይኸው ነው፤ ጭነቱ ምን ነበረ? በመንገድ ላይ ዘወትር የሚወድቀውስ የትኛው ነው?

ይህን ሐሳብ ያስነሣብኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ማታ የወንድሜ ልጅ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ከእኔ ጋር ተቀምጣ «ጄን ኤር» የተባለውን አሮጌ ፊልም ስትመለከት አመሸች። ወጣቷ ጄን የምትወደውን ሰው ትታ ከትልቁ ቤት በወጣች ጊዜ፣ እኔ ስለ ተሰበረው ልቧ ሳዝን፣ ልጅቱ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ አሁን ምን ልትበላ ነው?» አለችኝ። እኔም ሣቅሁ። ኋላ ግን መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርጄ ስመለከት ሣቄን ተውሁት። ደራሲዋ ለዚያው ጥያቄ ብዙ ገጽ ሰጥታ መልሳለታለች፤ ጄን ጥቂት ዕቃዋን በሠረገላ ረስታ፣ በረኃብ ከቤት ወደ ቤት ስትዞር፣ ለዐሣማ ሊሰጥ የነበረ የቀዘቀዘ ገንፎ ለምና ስትበላ እናገኛታለን። ፊልሙ ግን ጥያቄውንም መልሱንም ዘሎታል። ልጅቱ ያላነበበችውን መጽሐፍ ከፊልሙ ሠሪዎች ይልቅ ተረድታው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ለምርመራችን አራት የእንግሊዝ መጻሕፍትን እንውሰድ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ሁለቱ የጄን ኦስተን ናቸው፤ በ1811 የታተመው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ»፣ ልቡናና ስሜት እንደ ማለት ነው፤ በ1813 የታተመውም «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»፣ ኩራትና ጭፍን ፍርድ እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ደግሞ የሁለት እኅትማማቾች ሥራ ሆነው በ1847 የታተሙ ናቸው፤ የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» እና የኤምሊ ብሮንቴ «ዋዘሪንግ ሃይትስ»። ኦስተን የመጀመሪያ መጽሐፏን ስሟን ሳትገልጽ «በአንዲት ሴት» ብላ አሳተመች፤ የብሮንቴ እኅቶችም ከረር ቤልና ኤሊስ ቤል በሚል፣ የወንድ በሚመስል የብዕር ስም ተሸሸጉ። እነዚህ አራት መጻሕፍት በዓለም ላይ እጅግ ደጋግመው ወደ ፊልም ከተለወጡት የፍቅር ታሪኮች መካከል ናቸው። ሰውም ዛሬ «የፍቅር ልብ ወለድ» ሲባል በዐይነ ልቡናው የሚያየው ሻማ የበራበት አዳራሽ፣ ረጅም ቀሚስ፣ በነፋስ ላይ የቆመ ጐበዝ ነው። ይህን ሥዕል የሰጠን ከመጽሐፉ ይበልጥ ሲኒማው ነው።

ነገር ግን መጻሕፍቱን የሚያነብ ሰው ከአዳራሹና ከቀሚሱ አስቀድሞ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሒሳብ መዝገብ ነው። ማን ስንት ፓውንድ በዓመት እንደሚያገኝ፣ ርስቱ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ሴት ልጅ ምን ይዛ እንደምትገባ፣ አባት ሲሞት ቤቱን ማን እንደሚረከብ፣ ይህ ሁሉ በገጽ በገጹ ተጽፏል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት፣ በልዩ ውል ካልተጠበቀላት በቀር፣ ይዛው የገባችው ገንዘብ የባሏ ይሆን ነበር። ያገቡ ሴቶች በራሳቸው ስም ገንዘብና ንብረት እንዲይዙ መንገድ የከፈቱት ሕጎች የወጡት በ1870 እና በ1882 ነው፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ደራሲያት በሕይወት አልነበሩም። ያላገባችው ሴት በበኩሏ፣ ከደኅና ቤተ ሰብ የተወለደች እንደ ሆነች፣ በሰው ቤት ገብታ ልጆች ከማስተማር ወይም በወንድሞቿ እጅ ከመኖር በቀር ሌላ ብዙ በር አልነበራትም። ስለዚህ «እወድሃለሁ» ወይም «አልወድህም» የሚለው ቃል የልብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነበር።

ጄን ኦስተን ይህን ከሩቅ ሆና የሰማችው አይደለም። በዲሴምበር 1802፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ሰፊ ርስት የሚጠብቀው ሃሪስ ቢግ ዊዘር የተባለ ወጣት ለጋብቻ ጠየቃት። እርሷም እሺ አለች። ሌሊቱ ካለፈ በኋላ ግን በማግስቱ ጧት ቃሏን መለሰች። እሺ ብትል ኖሮ ለራሷ፣ ለእኅቷና ለወላጆቿ ጭምር ቤትና መከበሪያ ታገኝ ነበር። በ1805 አባቷ ሲሞት፣ እናትና ሁለት ሴቶች ልጆች ወንድሞች በሚያዋጡት ገንዘብ የሚኖሩ ሆኑ። በ1809 ኤድዋርድ የተባለው ወንድሟ በቾተን መንደር መኖሪያ ሰጣቸው፤ መጻሕፍቷም ወደ ማተሚያ ቤት የሄዱት ከዚያ ቤት ነው። የ«ኩራትና ጭፍን ፍርድ»ን መብት ለአሳታሚው የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት ስለ ፍቅርና ስለ ገንዘብ ስትጽፍ ሁለቱንም በራሷ እጅ መዝና ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። የኤልዛቤት ቤኔት አባት በዓመት 2,000 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት አለው፤ ነገር ግን ርስቱ ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለ ሆነ፣ አምስት ሴቶች ልጆች ያሉት ይህ ሰው ሲሞት ቤቱን የሚረከበው ኮሊንስ የተባለ ቄስ ዘመዳቸው ነው። ለኤልዛቤት ድርሻዋ ሊሆን የሚችለው፣ ያውም እናቷ ከሞተች በኋላ፣ በመቶ አራት ወለድ የሚያስገኝ 1,000 ፓውንድ ነው፤ ይህም በዓመት 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። የዳርሲ የዓመት ገቢ 10,000 ፓውንድ ነው፤ ከእርሷ ተስፋ 250 እጥፍ። ይህን ሒሳብ በልባችሁ ይዛችሁ፣ ኤልዛቤት መጀመሪያ ኮሊንስን፣ ቀጥሎም ዳርሲን እምቢ ስትል አስቡ። ኮሊንስን እምቢ ስትል እናቷና እኅቶቿ ወደፊት የሚጠጉበትን ቤት እምቢ ማለቷ ነው። ዳርሲን እምቢ ስትል ደግሞ የምታውቀው ሰው ሁሉ ከገመተው በላይ የሆነ ሀብት መናቋ ነው። እምቢታዋ ክብር ያገኘው ዋጋ የሚያስከፍላት ስለ ሆነ ነው። ሒሳቡ ከጠፋ ግን፣ አንዲት ቆንጆ ልጅ አንድን ኩሩ ሰው አስቀየመችው ከማለት ሌላ የሚቀር ነገር የለም።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሻርሎት ሉካስ የተባለች የኤልዛቤት ወዳጅ አለች። ዕድሜዋ 27 ነው፤ መልክም ሀብትም የላትም። ኤልዛቤት የናቀችውን ቄስ ይህች ሴት ተቀበለችው። ወዳጇ ስትደነግጥባትም፣ እርሷ ከቶ የሕልም ሰው እንዳልነበረች፣ የምትፈልገውም የተደላደለ ቤት ብቻ መሆኑን በረጋ አንደበት አስረዳቻት። ኋላም ኤልዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ፣ ሻርሎት ባሏ በአትክልቱ ቦታ ብዙ ሰዓት እንዲሠራ እያበረታታች፣ ለራሷም ባሏ ብዙ የማይመጣበትን የጓሮ ክፍል መርጣ፣ ኑሮዋን በብልሃት ስታካሂድ ታገኛታለች። ደራሲዋ በሻርሎት አልፈረደችባትም፤ አላመሰገነቻትምም። ይህች ሴት የመጽሐፉ ሚዛን ናት። አንድን ፊልም ለመመዘን የሚሻ ሰው «ሻርሎትን ምን አደረጋት?» ብሎ ቢጠይቅ አይሳሳትም።

በ1940 የአሜሪካው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም ለወጠው። አዘጋጁ ሮበርት ሊዮናርድ፣ ተዋንያኑም ግሪር ጋርሰንና ሎረንስ ኦሊቪዬ ነበሩ፤ የፊልሙን ጽሑፍ ካዘጋጁት አንዱ ስመ ጥሩው ደራሲ ኦልደስ ሃክስሊ ነው። ፊልሙ ሣቅ የሞላበት፣ አፈኛ፣ ዐይን የሚያስደስት ሥራ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልሞች ክፍል የሥነ ሥፍራ አሠራር የኦስካር ሽልማትም አግኝቷል። ልብሱ ግን መጽሐፉ ከተጻፈበት ዘመን ሃያ ዓመት ያህል የዘገየ፣ እጅጌው የተነፋ የ1830ዎቹ ፋሽን ነው። ይህ ቀላል ነገር ነው። ከባዱ ሌላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የዳርሲ አክስት ሌዲ ካትሪን ወደ ኤልዛቤት የምትመጣው ጋብቻውን ለመከልከል ነው፤ የትውልድና የሀብት ትዕቢት በእርሷ አፍ ይናገራል፤ ኤልዛቤትም ቆማ ትመልስላታለች። በፊልሙ ግን አክስቲቱ በውስጧ ደግ ሆና፣ ልጅቱን ለመፈተን የመጣች አስታራቂ ተደርጋለች። በዚህ አንድ ለውጥ፣ ሀብት በታሪኩ ውስጥ ክፉ ፊት እንዳይኖረው ተደረገ። ኤልዛቤትም ያሸነፈችው ጠላት እንዳልነበረ ሆነ።

ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ያንኑ መጽሐፍ በስድስት ክፍል ለቴሌቪዥን አቀረበው። ጽሑፉን ያዘጋጀው አንድሩ ዴቪስ፣ ተዋንያኑም ጄኒፈር ኤልና ኮሊን ፈርዝ ናቸው። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ዳርሲ በሐይቅ ውስጥ ዋኝቶ፣ ሸሚዙ እንደ ረጠበ ኤልዛቤትን በድንገት የሚያገኝበት ቦታ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። በመጽሐፉ ሁለቱ በሣሩ ሜዳ ላይ ሳያስቡት ይገናኙና ፊታቸው ይቀላል፤ ሌላ ምንም የለም። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተከታታዩን ፊልም ሲነቅፉት ይሰማል። እኔ ግን ስለ ሐይቁ አልከራከርም። ፊልም የሰውን ሐሳብ ማሳየት ስለማይችል አካሉን ያሳያል፤ ይህ የዕቃው ጠባይ ነው። ይልቁንም ልናስተውለው የሚገባን፣ ስድስት ክፍል ጊዜ ስላለው ሒሳቡን አለመጣሉን ነው። ኮሊንስ በማዕድ ላይ ቤቱን በዐይኑ ሲለካ፣ ሻርሎትም ባሏን ወደ አትክልቱ ስትሸኝ እናያለን። ፊልምን አስገድዶ ከመጽሐፉ የሚለየው ብዙ ጊዜ ክፋት ወይም ድንቍርና ሳይሆን ሰዓት ነው። አንድ መጽሐፍ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገባ ሲገደድ፣ አዘጋጁ መጀመሪያ የሚቈርጠው ለዐይን የማይታየውን ነው፤ ከማይታዩትም ነገሮች ሁሉ በጣም የማይታየው ውርስ ነው።

ይሁን እንጂ ሰዓት ያጠረው ሁሉ ይቅርታ አይገባውም፤ በሁለት ሰዓትም ቢሆን ልብ ያለው ሰው መንገድ ያገኛል። በ2005 ጆ ራይት ያዘጋጀው ፊልም፣ ኪራ ናይትሊና ማቲው ማክፋዲን የሚሠሩበት፣ ብዙ ነገር ቈርጧል። ግን የቤኔትን ቤት ሲያሳየን ግቢው ጭቃ፣ በቤቱ ውስጥ ዐሣማ የሚያልፍበት፣ ልብስ በገመድ የተሰጣበት ቤት አድርጎ ነው፤ ተመልካቹም አንድ ቃል ሳይነገረው እነዚህ ልጆች በምን ጠርዝ ላይ እንደ ቆሙ ይገባዋል። ሻርሎትም በዚህ ፊልም ዕድሜዋ 27 መሆኑን፣ ገንዘብም ተስፋም እንደሌላት፣ ለወላጆቿ ሸክም እንደ ሆነችና እንደምትፈራ በግልጽ ትናገራለች። በመጽሐፉ ያለችው ሻርሎት እንደዚህ አትንቀጠቀጥም፤ ፍርሃቷን ለአንባቢ ግምት ትተወዋለች። ፊልሙ ቃሏን ለውጦ ነገሯን ጠበቀ። ይህ ነው እውነተኛ ታማኝነት። በዚሁ ፊልም ዳርሲ ኤልዛቤትን እጇን ይዞ ወደ ሠረገላ ካሳፈራት በኋላ፣ ዘወር ብሎ ሲሄድ የገዛ እጁን ጣቶች ይዘረጋል፤ እሳት እንደ ነካው ሰው ነው። ንግግር የለም፤ በመጽሐፉም ውስጥ ይህ የለም። ነገር ግን ከአንድ ሙሉ ምዕራፍ የማያንስ ነገር ይነግረናል። ስለዚህ ፊልም ሁልጊዜ ቀናሽ ነው ብሎ መፍረድ ራሱ ጭፍን ፍርድ ይሆናል። በአሜሪካ በታየው ቅጂ መጨረሻ ላይ ግን ባልና ሚስቱ በምሽት ተቀምጠው የሚሳሳሙበት ክፍል ተጨምሯል፤ በእንግሊዝ አገር በታየው ይህ አልነበረም። ሻጭ ገዢውን አይቶ ስኳር እንደሚጨምር ከዚህ እንማራለን።

ሒሳቡን ራሱን ተወዳጅ ትርኢት ያደረገ ፊልም ግን አንድ አለ። በ1995 የወጣው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ነው። አዘጋጁ ከታይዋን የመጣው አንግ ሊ ነው፤ ጽሑፉን ያዘጋጀችው፣ ራሷም በዋናነት የሠራችበት ኤማ ቶምፕሰን ናት። በመጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ አንድ ሰው ለአባቱ በሞት አልጋ ላይ የገባውን ቃል ለመፈጸም፣ ለሦስት እኅቶቹ 3,000 ፓውንድ ሊሰጥ ያስባል። ሚስቱ ግን በለዘበ አንደበት፣ በደግነት መልክ፣ ገንዘቡን ደረጃ በደረጃ ታስቀንሰዋለች፤ በመጨረሻም ዕቃ ሲያጓጕዙ ማገዝና አልፎ አልፎ ዓሣና የአደን ሥጋ መላክ ይበቃል ተብሎ ይደመደማል። ቶምፕሰን ይህን አልጣለችውም፤ ፊልሙን የጀመረችው በእርሱ ነው። ባልና ሚስት ወደ ተወረሰው ቤት ሲጓዙ ስጦታው በየመንገዱ ሲያንስ ተመልካች ይሥቃል። ሥቆ ሳይጨርስ ግን አራት ሴቶች በዓመት 500 ፓውንድ ይዘው ከቤታቸው ሲወጡ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍቅር ሁሉ ክብደት ያገኛል። በአንድ ቦታም ኤሊኖር ለምትወደው ሰው፣ እርሱ ሀብቱን በውርስ እንደሚያገኝ፣ እነርሱ ግን ሠርተው እንኳ ሊያገኙ እንደማይፈቀድላቸው ትነግረዋለች። ቶምፕሰን በዚህ ጽሑፍ የኦስካር ሽልማት ተቀበለች፤ ቀደም ሲል በ1992ቱ «ሃዋርድስ ኤንድ» በትወና ተሸልማ ስለ ነበር፣ በሁለቱም ሙያ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች።

አሁን ወደ ብሮንቴ እኅቶች እንሻገር። «ዋዘሪንግ ሃይትስ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በ1939 ዊልያም ዋይለር ያዘጋጀውን፣ ሎረንስ ኦሊቪዬና መርል ኦበሮን የሠሩበትን ፊልም ነው። የግሬግ ቶላንድ የካሜራ ሥራ የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል፤ የሚገባውም ነበር። ነገር ግን ፊልሙ ካትሪን ስትሞት ያልቃል። መጽሐፉ 34 ምዕራፍ አለው፤ ካትሪን የምትሞተው እኩሌታው ላይ ነው። ለፊልሙ መጨረሻ የሁለቱ ፍቅረኞች መንፈስ በበረዶ ላይ አብሮ ሲሄድ ታይቷል፤ ይህ የባለ ገንዘቡ የሳሙኤል ጎልድዊን ፈቃድ እንጂ የዋይለር አልነበረም፤ እርሱ አልሠራም ስላለ በሌሎች ሰዎች ተሠርቶ ተጨመረ።

ታዲያ የተቈረጠው ሁለተኛ እኩሌታ ምን ይዞ ነበር? የንብረት ታሪክ ይዞ ነበር። ከሊቨርፑል ጐዳና የተነሣው ወላጅ አልባ ሂትክሊፍ፣ የካትሪንን ወንድም በቁማርና በብድር አስይዞ ቤቱን ይወስድበታል፤ የዚያን ሰው ልጅ ሄርተንን ፊደል ሳያስቈጥር በገዛ ርስቱ ላይ አሽከር ያደርገዋል፤ የካትሪንን ልጅ አስገድዶ ለሚሞት ልጁ ይድራታል፤ በጋብቻ ሕግም ሀብቷን ይጠቀልላል። በልጅነቱ ያዋረደውን ሕግ ራሱን መሣሪያ አድርጎ ነው የተበቀለው። በመጨረሻም ያችው ወጣት ሄርተንን ማንበብ ታስተምረዋለች፤ ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ በቀሉም በዚያ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲወጣ የቀረው በነፋስ ላይ የሚጣሩ ሁለት ሰዎች ነው። ሂትክሊፍ በፊልሙ የተከዳ አፍቃሪ ነው፤ በመጽሐፉ ግን ግፍ የተቀበለ፣ ኋላም ግፍ የሚሠራ ሰው ነው። በ1992 ፒተር ኮስሚንስኪ ያዘጋጀው ፊልም ሁለተኛውን ትውልድ መልሶ አስገብቷል። በ2011 ደግሞ አንድሪያ አርኖልድ፣ ሁለተኛውን ትውልድ ባታስገባም፣ ሂትክሊፍን ጄምስ ሃውሰን ለተባለ ጥቁር ተዋናይ ሰጠችው። መጽሐፉ ልጁን መልኩ የጠቈረ፣ ዘሩ የማይታወቅ አድርጎ ደጋግሞ ስለሚናገር፣ ይህ ምርጫ ነገር መጨመር ሳይሆን የተረሳውን ማስታወስ ነው።

«ጄን ኤር»ን ለመጨረሻ ያቈየሁት ልጅቱ በጠየቀችኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጄን ወላጆቿ የሞቱባት፣ በቶርንፊልድ በዓመት 30 ፓውንድ ተቀጥራ የምታስተምር ልጅ ናት። ጌታዋ ሮቼስተር ሊያገባት ሲል ሚስት እንዳለችው በሠርጉ ቀን ተገለጠ። እርሱም አብራው ወደ ውጭ አገር እንድትሄድ ለመናት። እርሷ ግን ወጣች። ተርባ ከወደቀችበት ያነሧት ሦስት ወንድምና እኅቶች የሥጋ ዘመዶቿ መሆናቸው ኋላ ተገለጠ፤ በማዴራ የነበረ አጎቷም ሲሞት 20,000 ፓውንድ አወረሳት። እርሷም ለአራት ከፍላ ለያንዳንዱ 5,000 ፓውንድ አደረሰች። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሮቼስተር የተመለሰችው፤ ቀጥረኸኛል ሊላት ለማይችል ሰው፣ በራሷ እግር፣ በራሷ ገንዘብ። ስትመለስም የራሷ ጌታ መሆኗን ታስታውቀዋለች።

በ1943 ሮበርት ስቲቨንሰን ባዘጋጀው፣ ጆን ፎንቴንና ኦርሰን ዌልስ በሠሩበት ፊልም ዘመዶቹ የሉም፤ ውርሱም የለም። ጄን እንደ ወጣች ባዶ እጇን ተመለሰች። ጭጋጉና ጥላው፣ የዌልስም ድምፅ ግርማ ያለው ነው፤ አልክድም። ነገር ግን የሄደችበት ምክንያት እንጂ የተመለሰችበት ነጻነት አልታየም፤ ፍቅሩም መሸነፍ መሰለ። በ2011 ኬሪ ፉኩናጋ ያዘጋጀው፣ ሚያ ዋሺኮቭስካና ማይክል ፋስቤንደር የሠሩበት ፊልም ግን የሚጀምረው ጄን ከቶርንፊልድ ሸሽታ በሜዳው ላይ በዝናብ ስትንከራተት ነው። የወንድሜ ልጅ የጠየቀችውን ጥያቄ ገና በመጀመሪያው ይጠይቃል፤ ውርሱንም አልጣለውም። ይህን ፊልም ኋላ አብረን አየነው። ልጅቱም፣ «አዎን፤ አሁን ትመለስ» አለች። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከዐዋቂ አልሰማሁም።

የፊልም ነጋዴዎች ለዚህ ክስ መልስ አላቸው። ሰው ሲኒማ ቤት የሚገባው ፍቅር ሊያይ እንጂ ስለ ወለድና ስለ ርስት ሊሰማ አይደለም ይላሉ። በእኛም ዘንድ ከተዋደዱ አንዲት ባቄላ ለሁለት ትበቃለች ይባላል። መልካም ነው። ግን እነዚህ ደራሲያት የሚጠይቁት ባቄላዋ የበቀለችበት ማሳ የማን እንደ ሆነ ነው። ይህ ጥያቄ ፍቅርን አያረክሰውም፤ ያከብረዋል። ሁሉ ሞልቶለት የወደደ ሰው ምን እንደ ተወ አይታወቅም፤ ማጣትን እያየ የመረጠ ሰው ግን ምርጫው ይታያል።

ይህም የእንግሊዞች ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ የሕንድ ሲኒማ ያስረዳል። በ2000 ራጂቭ ሜኖን በታሚል ቋንቋ ያዘጋጀው «ካንዱኮንዴን ካንዱኮንዴን» የ«ልቡናና ስሜት»ን ታሪክ ወደ ሕንድ ወስዶታል፤ በዚያም ቤቱ በኑዛዜ ለወንድ ልጅ ይተላለፍና ሴቶቹ ወደ ቼናይ ከተማ ይሰደዳሉ። በ2004 ጉሪንደር ቻዳ «ብራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ብላ ኤልዛቤትን የአምሪትሳር ልጅ አደረገቻት። ዘፈኑና ጭፈራው ከመጽሐፉ እጅግ የራቀ ነው። ነገር ግን እናት ለሴቶች ልጆቿ ባል ስትፈልግ የሚታየው ጭንቀት እዚያ የተጨመረ አይመስልም፤ በአገሩ ያለ ነው። ልብሱን የለወጠ ሁሉ ከዳተኛ እንዳልሆነ፣ ልብሱን የጠበቀም ሁሉ ታማኝ እንዳልሆነ ከዚህ እናያለን።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር፤ በሬዲዮ ለሚነገር ንግግር የሚገባ ስለ ሆነ ነው። ፊልም ከመጽሐፍ ሊወስደው እጅግ የሚቸገርበት የደራሲው ድምፅ ነው። ኦስተን አንድ ነገር እያለች ተቃራኒውን ታስባለች፤ አንባቢም በመስመሮቹ መካከል ሣቋን ይሰማል። ፊልም ይህን ወይ ለአንዱ ገጸ ባሕርይ አፍ ይሰጠዋል፣ ወይ ይተወዋል። ድምፅ ብቻ ያለው ሬዲዮ ግን በዚህ ረገድ ለመጽሐፍ ይቀርባል። ወጋየሁ ንጋቱ በእኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከዘርና ከማዕርግ፣ ከገባርና ከባላባት ነገር ተነጥሎ አልደረሰውም፤ ተራኪው ሁሉንም በአንድ አፍ ተሸክሞታልና። እኛ የፍቅር ታሪክ ከእንጀራ ታሪክ እንደማይለይ ለመማር ወደ እንግሊዝ መሄድ አላስፈለገንም ነበር።

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ምክሬ አጭር ነው። ፊልሙን እዩ፤ ደስም ይበላችሁ። ለውጥ ስላገኛችሁበት ብቻ አትንቀፉት። ነገር ግን ስታዩ እንደዚያች ልጅ ጠይቁ፤ ይህች ሴት እምቢ ብትል ምን ትበላለች? እሺ ብትልስ ምን ይቀርባታል? ቤቱ የማን ነው? ፊልሙ ለዚህ መልስ ካለው፣ ሸሚዝ ቢረጥብም፣ ዘመን ቢለወጥም፣ መጽሐፉን ተሸክሞ ደርሷል። መልስ ከሌለው ግን የጐደለውን ለማግኘት ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ልጆቻችሁም ከአጠገባችሁ ተቀምጠው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቁ፣ እንደ እኔ አትሣቁባቸው።